አቼቶ የገለጠው ባሕር

አንድ የእንቁላል ቅርፊት ይውሰዱና አቼቶ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ይጣሉት። ሰላጣ ላይ የምናደርገው ተራው አቼቶ ይበቃል። ጥቃቅን አረፋ ወዲያው ቅርፊቱን ይወርሰዋል። አድሮ ሲያዩት ቅርፊቱ ሳስቷል፤ ከሰነበተ ደግሞ ስስ ሽፋኑ ብቻ ይቀራል። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ይሟሟል። የኖራ ድንጋይም የተሠራው ከዚሁ ነው። እንግዲህ አቼቶና ትዕግሥት የማያንሰው ሰው ድንጋይ ማሟሟት ይችላል ማለት ነው።

ይህን የኩሽና ሙከራ ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ380 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞቱ ዓሦች፣ ከነጉንጫቸው ከነመንጋጋቸው፣ ገበያ ላይ እንደተዘረጋ ቆሮሶ እያገላበጡ ለማየት የተቻለው በዚሁ አሲድ ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠሩበት ከኩሽናው ጠንከር ያለ ቢሆንም ስሙም ጠባዩም አንድ ነው፤ አሴቲክ አሲድ ይባላል። ዓሦቹ የተገኙበት ቦታ ደግሞ ጎጎ ነው።

ጎጎ የከብት እርባታ ስም ነው። ከምዕራብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ ከፐርዝ በመኪና መንገድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ርቆ፣ ኪምበርሊ በሚባለው ሰፊ ቆላ፣ ፊትዝሮይ ክሮሲንግ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ይገኛል። መሬቱ ከጥንት ጀምሮ የጉኒያንዲ ሕዝብ አገር ነው። ሣሩ ቢጫ፣ አፈሩ ቀይ፣ ፀሐዩ የማይቻል። ባሕር እዚህ ቦታ ትዝ የሚለው ሰው አይኖርም። ሜዳው መሐል ግን እንደ ግንብ ቀጥ ያለ የኖራ ድንጋይ ሸንተረር ይነሳል፤ እየተቆራረጠ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በዴቮኒያን ዘመን፣ ማለትም የምድር ታሪክ አጥኚዎች «የዓሦች ዘመን» በሚሉት ጊዜ፣ ይህ ሸንተረር ሞቃት ባሕር ውስጥ የቆመ ሪፍ ነበር። ሪፍ ስንል ሕይወት ያላቸው ነገሮች የኖራ አካላቸውን እየደራረቡ ባሕር ውስጥ የሚገነቡት ቅጥር ነው። የዛሬዎቹን ሪፎች በዋናነት የሚገነባው ኮራል ነው፤ የጎጎዎቹ ግንበኞች ግን ዛሬ ዘራቸው የጠፋ ስፖንጆችና አለት ሠሪ ጥቃቅን ሕዋሳት ነበሩ። ከሸንተረሩ ግርጌ ያለው ሜዳ የጥንቱ ጥልቅ ባሕር ወለል ነው። ከሜዳው ተነሥቶ ሸንተረሩን የሚወጣ ሰው፣ ላቡን እየጠረገ፣ ከባሕር ወለል ወደ ሪፉ አናት እየወጣ ነው።

የጊዜውን ርቀት ለመገመት ድንቅነሽን ያስቡ። እርሷ በሐዳር ከተኛች 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። የጎጎ ዓሦች ከዚያ 120 ጊዜ ያህል ይርቃሉ። ዳይኖሰር አልመጣም፤ ወፍ የለም፤ አበባ የለም።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሱ ነውና። ከቅሪተ አካል ዓሦች አብዛኞቹ ለእኛ የሚደርሱት ተጨፍልቀው ነው። ዓሣው ይሞታል፤ ጭቃው ላይ ይጋደማል፤ በላዩ ደለል ይከመርበታል። በስተመጨረሻ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ደረቀ ቅጠል ስስ ምስል ሆኖ ይቀራል። ጎን እናያለን፤ የላንቃውን ቅርጽ ግን ማን ያየዋል? ጎጎ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ከሪፉ አካባቢ የሞቱ ዓሦች ኦክሲጅን ወዳጣው ጥልቅ ወለል ሰጠሙ። እዚያ የሚያነክት እንስሳ ብዙ የለም። ሥጋው መበስበስ ሲጀምር ባክቴሪያዎቹ በሬሳው ዙሪያ ያለውን የውሃ ኬሚስትሪ ቀየሩት፤ ኖራው በዓሣው ዙሪያ ረጋና ደነደነ። ከላይ ያለው ደለል መጫን ከመጀመሩ በፊት ዓሣው ድቡልቡል የድንጋይ ሣጥኑን ለብሶ ነበር። ጭነቱን ሣጥኑ ተሸከመው፤ የራስ ቅሉ ክብ እንደሆነ ቀረ።

ዛሬ እነዚህ ድቡልቡሎች ሜዳው ላይ ተበትነዋል። ፈላጊው መዶሻውን ይዞ ይዞራል፤ ድንጋይ ይመታል፤ ይሰነጠቃል፤ ባዶ ነው። ሌላ ይመታል፤ ባዶ። አንዳንዱ ሲሰነጠቅ ጠርዙ ላይ የአጥንት መስመር ይታያል፤ ያኔ ሥራው ይጀመራል። ድንጋዩ አሲድ ውስጥ ይነከርና አጥንቱ ትንሽ ብቅ ሲል ይወጣል፤ ይታጠባል፤ ይደርቃል። የታየው አጥንት በስሱ ማጣበቂያ ይቀባና ተመልሶ ይነከራል። አጥንት በአብዛኛው ካልሲየም ፎስፌት ስለሆነ ከኖራው ይልቅ አሲዱን ይቋቋማል፤ ፈጽሞ አይነካም ማለት ግን አይደለም። የዶሮ አጥንት አቼቶ ውስጥ አሰንብቶ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሥራው ወራት ይፈጃል። ይህን ዘዴ በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠሩ የነበሩት ሃሪ ቱምብስ በ1948 በጽሑፍ አስተዋወቁት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1963 እና በ1967 ከብሪታኒያና ከምዕራብ አውስትራሊያ ሙዚየሞች የተውጣጡ ቡድኖች ጎጎን ካሰሱ በኋላ ዘዴው ትክክለኛ ድንጋዩን አገኘ። ከ1986 ጀምሮ ደግሞ አውስትራሊያዊው ጆን ሎንግ እየተመላለሰ ፈለገ። እስከ ዛሬ ከጎጎ የታወቁት የዓሣ ዝርያዎች 50 ገደማ ናቸው።

ቁጥሩ ለጣና ወይም ለዛሬ ባሕር ብዙ ላይመስል ይችላል። የሚገርመው ብዛቱ ሳይሆን የቤተሰቦቹ ርቀት ነው። ዛሬ ዓሣ ገበያ ብንወጣ ቆሮሶውም፣ አምባዛውም፣ ነጭ ዓሣውም ከአንድ ትልቅ ጎሣ ናቸው። የጎጎ ገበያ ቢኖር ኖሮ እርስ በርሳቸው ከመራራቃቸው የተነሣ አንዳንዶቹ ከሌላው ዓሣ ይልቅ ለእኛ ለሰዎች የሚቀርቡ ይሆኑ ነበር። ይህን አጋነንህ የሚለኝ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

የገበያው ጌቶች ጋሻ ለባሾቹ ነበሩ። ፕላኮደርም ይባላሉ። ራሳቸውና ደረታቸው በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ ነው፤ በብዙዎቹ ሁለቱ ጋሻዎች አንገት ላይ እንደ በር ማጠፊያ ይገጣጠማሉ። ከጋሻው ወደ ኋላ ያለው ጅራት ራቁቱን ነው። ከጎጎ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ከእነርሱ ወገን ናቸው፤ በየአፋቸው ብንመድባቸው ደግሞ እያንዳንዱ ሌላ ሙያ አለው። ኢስትማኖስቴዎስ ግዙፍ አዳኝ ነው፤ እንደ እኛ ያለ ጥርስ የለውም፤ እየተፋጨ ራሱን የሚስል የመንጋጋ አጥንት ግን ከሠርዶ ማጭድ አያንስም። ሮልፎስቴዎስ ቀጭን ነው፤ ከአፍንጫው ፊት ረጅም የአጥንት ቱቦ ቀስሮ ይዋኛል። አፉ ውስጥ ያለው ግን መፍጫ ሰሌዳ ነው፤ ቅርፊት ለባሽ እንስሳ ይሰብርበት ነበር ተብሎ ይገመታል። ቱቦው ምን እንደሚያደርግለት እስካሁን ይከራከሩበታል፤ እኔ በበኩሌ ውሃውን ለመሰንጠቅ ነው የሚሉትን አምናለሁ፤ አካሉ በሙሉ ለፍጥነት የተቀረጸ ይመስላልና። ቦትሪዮሌፒስ ደግሞ የሳጥን ቅርጽ አለው፤ ከጎንና ጎን እንደ ሸርጣን እግር በአጥንት የተሸፈኑ ሁለት ክንዶች ተተክለውለታል፤ አፉ ወደ ታች ነው፤ ጭቃ እየለቀመ ይኖር ነበር። በ1986 የተገኘችው ትንሿ ማክናማራስፒስ ግን ሁሉንም በዝና በልጣቸዋለች። በ1995 የምዕራብ አውስትራሊያ ይፋዊ የቅሪተ አካል ምልክት ተደርጋለች። ዘሯ የጠፋ ዓሣ የመንግሥት ምልክት ስትሆን ይህ ዕድል በየቀኑ የሚገጥም አይደለም።

ከእነርሱ ቀጥሎ ባለ ሳንባ ዓሦች ይመጣሉ። ጎጎ ላይ አሥር ያህል ዝርያ አላቸው፤ ይህ ለአንድ ቦታ ብዙ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ስድስት ብቻ ናቸው፤ አራቱ በአፍሪካ፣ አንዱ በደቡብ አሜሪካ፣ አንዱ በዚያችው በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ወንዞች። ከአፍሪካዎቹ አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ «ኢትዮጲኩስ» ይባላል፤ ወገኖቹ ወደ ነጭ ዓባይ በሚገቡት የጋምቤላ ቆላ ወንዞች ይኖራሉ። የዛሬዎቹ ሁሉ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖሩ ዓሦች ናቸው። የጎጎዎቹ ግን ባሕር ውስጥ ነበሩ፤ እያንዳንዱም በየበኩሉ ይኖራል። ኪሮዲፕቴሩስ በላንቃው ላይ ወፍራም የጥርስ ሰሌዳ ይዞ ቅርፊት ይፈጫል። ግሪፎግናቱስ እንደ ዳክዬ የተንጣለለ አፍንጫ አለው፤ ወለሉን እየቆፈረ ወይም በሪፉ ስንጥቅ እየገባ ምግቡን ሲፈልግ እንስለዋለን። ድንጋዩ በጠፍጣፋው ቢጨፈልቃቸው ኖሮ ላንቃን ከላንቃ ማን ይለየው ነበር? የባለ ሳንባዎቹ ብዛት የታወቀው አሲዱ የአፋቸውን ጣሪያ ስላጋለጠ ነው።

ኦኒኮዱስን ላስተዋውቅ። ይህ ረጅም አዳኝ ነው፤ በታችኛው መንጋጋው ጫፍ ላይ እንደ ጩቤ የቆመ የጥርስ ጥቅል ይዟል፤ አፉን ሲዘጋ ጩቤዎቹ በላንቃው ውስጥ በተዘጋጀላቸው ጉድጓድ ይገባሉ። አንዱ ጋሻ ለባሽ ዓሣ እንደበላ ተገኝቷል። የጎጎው ዝርያ የተሰየመው ለጃንዳማራ መታሰቢያ ነው። ጃንዳማራ የቡኑባ ሕዝብ ጀግና ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የነጮችን ወረራ በመቃወም በዚሁ የኖራ ሸንተረር ዋሻዎች እየተሸሸገ ተዋግቶ በ1897 ተገደለ። ዓሦቹ ከሞቱ ከ380 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ሪፋቸው የአርበኛ መሸሸጊያ ሆነ ማለት ነው። አድፍጦ የሚያድን ዓሣ በእርሱ ስም መጠራቱ የሚመጥን ይመስለኛል።

አሁን ያ ያጋነንሁት ይመጣል። ጎጎናሱስ ይባላል፤ «የጎጎ አፍንጫ» እንደማለት፤ መጀመሪያ የተገኘው አፍንጫው ብቻ ነበርና። ሙሉው አካል በ2005 ተገኘ፤ በ2006 ለዓለም ተነገረ። ከውጭ ዓሣ ነው፤ ክንፍና ቅርፊት አለው። የፊት ክንፉን ግን ገልጠው ሲያዩት ከትከሻው አንድ ወፍራም አጥንት ይወጣል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እጅዎን ይዳስሱ፤ ከትከሻ እስከ ክርን አንድ፣ ከክርን እስከ አንጓ ሁለት። በአናቱ ላይ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች አሉ። እነዚህ ቀዳዳዎች ምን ይሠሩ እንደነበር ለማወቅ ዛሬ በባሮና በኦሞ የሚኖረው ፖሊፕቴሩስ የሚባለው ዓሣ ይረዳል። ጀርባው ላይ ትንንሽ ክንፎች እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩለት ይህ ዓሣ በአናቱ ቀዳዳዎች በኩል አየር ወደ ሳንባው ሲስብ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ጎጎናሱስም ውሃው ኦክሲጅን ሲያጣ ብቅ እያለ እንዲሁ ያደርግ ነበር ብሎ መገመት ሩቅ አይደለም። በእኛ በሰዎች ላይ ያ ቀዳዳ አልጠፋም፤ ወደ ጆሮ ውስጥ ገብቶ የመካከለኛው ጆሮ ክፍተት ሆኗል።

ትንንሾቹን በጥቂቱ ልለፍ፤ ጎጎ ላይም በጥቂቱ ነው ያሉት። ሚሚፒሲስና ሞይቶማሲያ የሚባሉት የመዳፍ ያህል ዓሦች፣ ክንፋቸው በቀጫጭን ጭረት የተዘረጋው፣ እጅግ ጥቂት ዝርያዎች ብቻ ናቸው። ከሚሚፒሲስ ዝርያዎች አንዱ የቱምብስን ስም ይዟል። በጋሻ ለባሾቹ ፊት ማንም ቁም ነገር አይላቸውም ነበር። ዛሬ ቆሮሶውም፣ አምባዛውም፣ ቱናውም፣ ሰርዲኑም የእነርሱ ወገን ነው፤ አጥንት ካላቸው የዓለም እንስሳት ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ። ጌቶቹ ጋሻ ለባሾች ደግሞ ዴቮኒያን ሲያበቃ፣ ከ359 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አንድም ሳይተርፉ አለቁ።

ሻርክስ? ለብዙ ዓመት ከጎጎ አልተገኘም። ሻርክ ከአጥንት ይልቅ በልም አጥንት የተሠራ ስለሆነ ሲሞት ይበሰብሳል፤ የሚቀረው ጥርሱ ነው። ስለዚህ «ጎጎ ላይ ሻርክ አልነበረም» ለማለት ያስደፍር ነበር። በ2005 ግን መንጋጋውና የትከሻ ልም አጥንቱ ያለው አንድ ሻርክ ተገኘ፤ በ2015 ጎጎሴላኩስ ተብሎ ተሰየመ። ኮይላካንት ከሚባለው ጥንታዊ ወገን የሆነ አንድ ዓሣም በ2024 ንጋሙጋዊ የሚል ስም አገኘ፤ በጉኒያንዲ ቋንቋ «የጥንት ዓሣ» ማለት ነው። ስለዚህ የ50ውን ቁጥር እንደ ሕዝብ ቆጠራ ባንወስደው ይሻላል። ጋሻ ለባሹ ጎልቶ የሚታየው በዝቶ ስለኖረ ነው ወይስ ጋሻው ስለጠበቀው? ሁለቱም ይመስለኛል፤ ስንቱ በዚህ ስንቱ በዚያ ነው ለሚለኝ ግን ድንጋዩ አይመልስም።

በጎጎ ታሪክ ከሁሉ የምወደው አንድ ስሕተት ነው። በ1981 ኢንሲሶስኩቱም የተባለውን ጋሻ ለባሽ ያጠኑ ሁለት ተመራማሪዎች በሆዱ አካባቢ ጥቃቅን አጥንቶች አገኙ። ዓሣ በልቶ የሞተ ዓሣ አዲስ ነገር አይደለም፤ «የመጨረሻ ምግቡ» ብለው ጻፉና አለፉ። ማንም ቢሆን እንዲያ ይል ነበር። በ2005 ደግሞ ጎጎ ላይ አንዲት ሌላ ጋሻ ለባሽ ተገኘች፤ ርዝመቷ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አሲዱ ቀስ እያለ ሲገልጣት በሆዷ ሌላ ትንሽ ዓሣ ታየ። አጥንቶቹ አልተሰበሩም፤ የሆድ አሲድ አልበላቸውም፤ ዝርያውም የራሷ የእናቲቱ ነው። ከትንሹ ጋር የተያያዘ የተጠማዘዘ ገመድም ነበር፤ እትብት! በ2008 ግኝቱ ታተመ። ስሟን ማተርፒሲስ፣ «እናት ዓሣ» አሏት፤ የዝርያ ስሟ ደግሞ ጎጎን በ1979 በቴሌቪዥን ላስተዋወቁት ለዴቪድ አተንቦሮ መታሰቢያ ሆነ። ፅንሷን በሆዷ ተሸክማ የምትወልድ እናት ከዚያ በፊት በዚህን ያህል ጥንታዊነት አልታየችም ነበር።

ይህን ያዩ ሰዎች ወደ ኢንሲሶስኩቱም ተመለሱ። ሃያ ምናምን ዓመት በሙዚየም መሳቢያ የተቀመጠውን «የመጨረሻ ምግብ» ደግመው አዩት፤ በ2009 ይፋ እንዳደረጉት ምግቡ ፅንስ ነበር። አንድም አዲስ ድንጋይ ሳይሰበር፣ አንድ ዓሣ ከበላተኛነት ወደ እናትነት ተዛወረ። እኛ ዘንድ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል፤ የጎጎ ጎርጓሪዎች ግን ከዓሣ ሆድ ልጅ ነው ያወጡት።

አሲዱን እስካሁን አመሰገንሁት፤ ነውሩንም ልናገር። አሲድ ኖራውን ሲበላ በኖራው ውስጥ ያለውን ስስ ነገር አብሮ ሊያጥበው ይችላል። ጡንቻ፣ ጉበት፣ ልብ፤ ይህ ሁሉ ከነቅርጹ ድንጋይ ውስጥ ሊቀር እንደሚችል ለረጅም ጊዜ ማንም ተስፋ አላደረገም። በ2013 ተመራማሪዋ ኬት ትሪናስቲክና ባልደረቦቿ የጋሻ ለባሾችን የአንገትና የሆድ ጡንቻዎች አሳዩ። በ2022 ደግሞ ልብ ተገኘ። ልቡ የኤስ ፊደል ቅርጽ አለው፤ ሁለት ክፍል ነው፤ ትንሿ ከትልቋ በላይ ተቀምጣለች፤ ቦታውም ወደ ጉሮሮው ተጠግቶ ነው። ጉበቱ ትልቅ ነው፤ እንደ ዛሬ ሻርክ ውሃ ላይ ለመንሳፈፍ ሳይረዳው አልቀረም። ሆዱና አንጀቱም አሉ። ሳንባ ግን የለም፤ ጋሻ ለባሾችም ሳንባ ነበራቸው ይባል የነበረውን ይህ ያናጋዋል።

ልቡን ለማየት አቼቶ አልተፈለገም። ድቡልቡሎቹ በሲድኒ በኒውትሮን ጨረር፣ በፈረንሳይ ግሬኖብል ደግሞ በኃይለኛ ኤክስሬይ ተነበቡ፤ ኮምፒዩተሩም ልቡን በስክሪን ላይ እያዞረ አሳየ። ዓሦቹ ከድንጋያቸው አልወጡም። መደርደሪያ ላይ ቢያዩአቸው ከሜዳው የተለቀመ ተራ ድንጋይ እንጂ ሌላ አይመስሉም፤ ልባቸውም እዚያው ውስጥ ነው።